በጨርቅ ላይ ጨርቅ፦ ለበዓል የሚሰጡ የሶፋ ትራሶች

በባሕር ዳርም እንደ ሌላው አገራችን ሁሉ ለበዓል ወደ ዘመድ ቤት ባዶ እጅን መሄድ አይወደድም። ድፎ ዳቦ ወይም ቡናና ስኳር መያዝ የተለመደ ነው፤ እኔም እይዛለሁ። ነገር ግን የበዓሉ ሰሞን ካለፈ በኋላም በቤቱ የሚቀር ነገር መስጠት ስለምወድ፣ ፊቱ ላይ ከሌላ ቀለም ጨርቅ የተቆረጠ ምስል የተሰፋበት የሶፋ ትራስ እጨምርበታለሁ። ያንኑ ምስል በክር ልጥለፈው ቢሉ ብዙ ቀን ይፈጃል፤ ጨርቅ ቆርጦ በጨርቅ ላይ በመስፋት ግን ከምሳ በኋላ የተጀመረ ትራስ ለእራት ሰዓት ሊደርስ ይችላል። ታዲያ ይህ የሚሆነው ምስሉ በደንብ ሲመረጥ ነው፤ ሥራውን ከስፌት መኪናው ይበልጥ የሚያፈጥነው ይህ ምርጫ ይመስለኛል።

ጥሩ ምስል በሩቁ የሚታወቅ፣ በሁለት ወይም በሦስት ቁራጭ የሚያልቅና ሹል ማዕዘን የማይበዛበት ነው። ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባን የሚተካከል የለም። የአበባውን ቅጠሎች አንድ በአንድ መቁረጥ ጊዜ ስለሚበላ፣ ሙሉውን አበባ ከአንድ ቢጫ ጨርቅ አውጥቶ መካከሉ ላይ ጠቆር ያለች ክብ መጨመር ይበቃል፤ መስከረም 1 ቀን የተሰጠው ትራስም መስከረም 17 ለመስቀል ያገለግላል። ለገና ብዙዎች የሚመርጡት በረዶ የለበሰውን ዛፍ ነው፤ ጣና ዳር በረዶ የለበሰ ዛፍ ማን አይቶ ያውቃል? እኔ በምትኩ የገና ጨዋታን ቆልማማ ዱላና ሩሩን እሰፋለሁ፤ ዱላው ከቡናማ ካኪ፣ ሩሩ ከነጭ ጨርቅ ሆኖ መደቡ አረንጓዴ ሲሆን ሜዳው ራሱ የመጣ ይመስላል። ለጥምቀት ደግሞ ሎሚ አለ። ጥር 11 ቀን ጎረምሳ ለወደዳት ልጃገረድ ሎሚ የሚወረውርበት ወግ በሁሉም ዘንድ ስለሚታወቅ፣ አንድ ሞላላ ቢጫ ቁራጭና አንዲት አረንጓዴ ቅጠል ብቻ ነገሩን ይናገራሉ። ከሁሉም ፈጥኖ የሚያልቀው ይህ ነው፤ ሆኖም ላላገባ ሰው ከመስጠት በፊት ምን ተብሎ ሊተረጎም እንደሚችል ማሰብ ይገባል።

በዓል የማይመርጠው ግን ታንኳ ነው። የነገደ ወይጦ ሰዎች ከደንገል የሚሠሩት ታንኳ አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ያለ በመሆኑ፣ ከገለባ ቀለም ጨርቅ በአንድ ቁራጭ ሲቆረጥ ለማንኛውም የጣና ልጅ ወዲያው ይታወቃል። በትራሱ የታችኛው ሲሶ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ለሐይቁ ይሰፋል፤ ታንኳው ከተሰፋ በኋላም በቡናማ ክር ርዝመቱን ተከትለው ሁለት ሦስት መስመሮች ቢጨመሩበት የታሰረው ደንገል ይመጣል።

አንዲት ወዳጄ ለመስቀል በዓል መስቀል ያለበት ትራስ እንድሰፋላት በጠየቀችኝ ጊዜ፣ አብረውን ቡና ይጠጡ የነበሩ እማሆይ «ልጄ፣ እንግዳ ሲመጣ ጀርባውን በመስቀል ላይ ሊያሳርፍ ነው?» አሏት፤ ወዳጄም በደመራ ተስማማች። እኔም በዚህ አቋም እጸናለሁ። ሰው ተደግፎት በሚውል፣ አንዳንዴም በሚቀመጥበት ነገር ላይ መስቀልም ሆነ የመላእክት ምስል ሊኖር አይገባም። ደመራ ለመስፋትም ይቀላል፦ ረዘም ያሉ ቀጫጭን ቁራጮች ወደ ላይ ተሰብስበው ይገናኛሉ፤ ጫፋቸው ላይ ቢጫ አበባ ይቀመጣል።

ስለ ቀለም ግን ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል ብዙ መማር ይቻላል። በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት በሚገኘው በዑራ ኪዳነ ምሕረት ያሉትን የግድግዳ ሥዕሎች ያየ ሰው፣ ቀዩ፣ ቢጫው፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው ሳይደባለቁ ጎን ለጎን እንደሚቀመጡና ጠቆር ያለ መስመር እንደሚከባቸው ያስተውላል። ቅዱሳኑን ወደ ሶፋ አናወርድም፤ ዘዴያቸውን መዋስ ግን የሚከለክል የለም። የምስሉን ዙሪያ ጨርቁን በሚመስል ክር ከመስፋት ይልቅ በጥቁር ወይም በጥቁር ቡናማ ክር መስፋት ምስሉን ከመደቡ አጉልቶ ያወጣዋል።

ባሕር ዳር በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ የተቋቋመ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናትና፣ ለመደቡ ከጥጥ የተሠራ ጠንከር ያለ ጨርቅ ወይም አቡጀዲ መምረጥ ለእኔ ተገቢ ይመስለኛል። ለአንድ ትራስ ፊት 42 በ42 ሴንቲ ሜትር፣ ለጀርባው ደግሞ 42 በ28 የሆኑ ሁለት ቁራጮች ያስፈልጋሉ። ወርዱ 150 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ጨርቅ አንድ ሜትር ከ10 ሴንቲ ሜትር ቢገዛ ለሦስት ትራስ ይበቃል፤ ትርፏ 10 ሴንቲ ሜትር የምትገዛው ጥጥ ሲታጠብ ስለሚኮማተር ነው። ስለዚህም ጨርቁ ሁሉ፣ በተለይ ቀዩ፣ ከመቆረጡ በፊት ታጥቦ መተኮስ አለበት፤ ያለዚያ ቀይ ቀለም በመጀመሪያው እጥበት ነጩን መደብ ያበላሸዋል። ለምስሎቹ ግን ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። በረንዳ ላይ የሚሰፉ ልብስ ሰፊዎች ዘንድ ሄዶ «ጋሼ፣ የሚጣል ቁርጥራጭ ይኖርዎት ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ጊዜ ከረጢት ያስሞላል። ያረጀ የሐበሻ ቀሚስ ጥለትም ለጠርዝ እጅግ ያምራል።

ምስሉን በጫማ ካርቶን ላይ ስሎ መቁረጥ፣ ያንኑ ካርቶን ጨርቁ ላይ አስቀምጦ በሳሙና ስባሪ ማስመር ይመረጣል፤ አንድ ካርቶን ለቤተ ዘመዱ ሁሉ ይበቃልና። የሸሚዝ ኮሌታ የሚጠነክርበት ባለሙጫ ጨርቅ ከተገኘ ከምስሉ ጀርባ በካውያ ይለጠፋል፤ ይህም ጠርዙ እንዳይተረተርና ጨርቁ ከመርፌው ሥር እንዳይሸበሸብ ይረዳል። ካልተገኘ ምስሉን በስፒል አስይዞ በእጅ ሰፋ ሰፋ ባለ ጊዜያዊ ስፌት መያዝና በኋላ ክሩን መምዘዝ ይቻላል። ዚግዛግ የሚሰፋ መኪና ያለው ጠርዙን ጠበቅ ባለ ዚግዛግ ይዝጋው። የእኔ በእግር የሚሠራ አሮጌ መኪና ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ስለሚያውቅ፣ ከጠርዙ ወደ ውስጥ 3 ሚሊ ሜትር ገባ ብዬ ሁለት ጊዜ እዞርበታለሁ፤ መብራት ሲጠፋም ሥራዬ አይቆምም። ክብ ላይ ሲደረስ መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደተተከለ ጨርቁን የሚጫነውን የመኪናውን እግር ማንሳት፣ ጨርቁን ጥቂት ማዞር፣ እግሩን መልሶ ማውረድና ጎማውን በእጅ እያዞሩ አንድ ሁለት እርምጃ መስፋት ያስፈልጋል። የሎሚው ጠርዝ ክብ ሆኖ የሚወጣው በዚህ ትዕግሥት ነው፤ ችኮላ ካለ ሎሚው ድንች ይሆናል።

ምስሉ ፊቱ ላይ ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ ብቻ ትራሱ ይገጣጠማል። የሁለቱ የጀርባ ቁራጮች አንድ አንድ ጠርዝ አንድ ሴንቲ ሜትር ሁለት ጊዜ ታጥፎ ይቀመቀማል፤ ከዚያም ሁለቱ መካከል ላይ በ10 ሴንቲ ሜትር ተደራርበው፣ መልካም ገጻቸው ከፊቱ መልካም ገጽ ጋር ተገናኝቶ አራቱም ጎን በአንድ ሴንቲ ሜትር ስፌት ይዘጋል። ሲገለበጥ ተደራራቢው መክፈቻ ይሆናል፤ ዚፕ መግዛትም ሆነ ከዚፕ ጋር መታገል አይኖርም።

ለመሙያ ጥጥ ሲታጠብ ስለሚጓጉል የስፖንጅ ቁርጥራጭን እመርጣለሁ። መሙያው የሚገባበት ከረጢት ከትራሱ ልብስ በሁለት በሦስት ሴንቲ ሜትር ሰፋ ቢል ማዕዘኖቹ ሞልተው ይቆማሉ። ከተቻለ ሁለት ሁለት አድርጎ መስጠት ጥሩ ነው፤ ሶፋ ላይ አንድ ትራስ ብቻውን ጎደሎ ይመስላል። ለተቀባዩም ልብሱ ተገልብጦ በቀዝቃዛ ውኃ እንዲታጠብና በጥላ እንዲሰጣ መንገር አይረሳ፤ የባሕር ዳር ፀሐይ ቢጫን ቶሎ ያነጣል።