ኔቬያ

ዛሬ በምሠራበት የሕፃናት መዋያ አዲስ ልጅ መጣች። ቦርሳዋ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ስም፣ «Nevaeh» (ኔቬያ)፣ ሦስቴ አነበብኩት፤ አልገባኝም። እናቷ አየችኝና ጣቷን ከቀኝ ወደ ግራ እየጎተተች ፊደሎቹን አንድ በአንድ አሳየችኝ። «Heaven» (ሄቨን)! ለካ የእንግሊዝኛው «ሰማይ» ተገልብጦ ነው።

ማታ ቤት ገብቼ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ ኔቬያ የተባሉት ሕፃናት 8 ብቻ ነበሩ። በ2000 የሮክ ዘፋኙ ሶኒ ሳንዶቫል ኔቬያ ብሎ የሰየማትን ልጁን ይዞ ኤምቲቪ በተባለው የሙዚቃ ቴሌቪዥን ላይ ታየ። በ2005 ስሙ እዚያው አሜሪካ ለሴት ሕፃናት በብዛት ከሚወጡት ስሞች 70ኛ ሆነ!

የሚያጣጥሉት አሉ። እኔ ግን ወደድኩት። እኛስ ልጆቻችንን ገነት እንል የለ? ብቻ በኛ ፊደል መገልበጡ አያምርም፤ «ሰማይ» ሲገለበጥ «ይማሰ» ይሆናል።

ልትሄድ ስትል «ኔቬያዬ» አልኳት። ዞር ብላ ሳቀችልኝ።