ጻድቁ የቱ ነው?

ዛሬ እዚህ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ አንገቴ እስኪዝል ጣሪያውን ሳይ ዋልኩ። እነዚያን ባለ ክንፍ መላእክት መቼም የጎንደር ልጅ ሁሉ ያውቃቸዋል። በ1880 ዓ.ም. የሱዳን ድርቡሽ ጦር የከተማውን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥል ይቺ ተርፋለች። ንብ ወጥቶ መለሳቸው ይላሉ አባቶች።

አባዬ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር። አያቴም እንዲሁ። ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ክፉ ደግሞ በጎኑ በአንድ ዓይን እንደሚሣል ያስተማረኝ ገና ፊደል ሳልቆጥር ነው። እኔ አድጌ ዓይንም ፊትም የሌለው ሥዕል ጀመርኩ። አብስትራክት። «ታዲያ ጻድቁ የቱ ነው?» ይለኝ ነበር አባዬ እየሳቀ። ካረፈ ወዲህ ብሩሽ ማንሳት ከብዶኛል።

ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ትዝ አለኝ። የሐረሩ ልጅ። አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ፤ ብራና ያስጌጡ ነበር። እሱ ጀርመን፣ ኮሎኝ ተምሮ አብስትራክት ይዞ መጣ። በኋላ ተሰደደ። እ.ኤ.አ. በ1981 ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ፤ አገሩን እንደናፈቀ።

እንዲህ ያለውን ሰው ከአባቱ ሙያ ወጣ ይሉታል። እኔ አይዋጥልኝም። የብራናው ሐረግ፣ ያ በገጹ ጠርዝ የሚሣለው ጌጥ፣ ራሱ ምንድን ነው? ሰው የለበት፣ ታሪክ የለበት። መስመርና ቀለም ብቻ፣ እየተጠላለፈ የሚሄድ። አብስትራክት ከፈረንጅ መጣ የምትሉ እስቲ አንድ የድሮ ወንጌል ግለጡ።

ዛሬም ፊቶቹን ትቼ በመካከላቸው ያለውን ቀለም ስከተል ነው የዋልኩት። አንድ ቄስ «ምን ጠፍቶብህ ነው?» አሉኝ። ምን ልበላቸው?

ለማንኛውም ነገ ሸራ ልወጥር ነው። ቀይ ቀለም አልቆብኛል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ያላችሁ በውስጥ መስመር ንገሩኝማ።