አራቱም ቀይ ሲሆኑ
ዛሬ ያመሸሁት እ.ኤ.አ. ጁላይ 6 ቀን 2013 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተከሰከሰውን የኤሲያና 214 በረራ የምርመራ ሪፖርት ሳነብ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ የቁልቁለቱን መስመር የሚያሳየው መሣሪያ በግንባታ ምክንያት ስለተዘጋ አብራሪዎቹ ማኮብኮቢያውን በዓይናቸው እያዩ ወረዱ፤ ይህ በራሱ የተለመደ አሠራር ነው። ከማኮብኮቢያው ጎን ካሉት አራት መብራቶች ሁለቱ ነጭ፣ ሁለቱ ቀይ ሆነው ከታዩ ከፍታው ልክ ነው፤ ቀዩ ሲበዛ አውሮፕላኑ ከልክ በላይ ዝቅ ብሏል ማለት ነው፤ በዚያ ቀን ግን መጀመሪያ ሦስቱ፣ ቀጥሎም አራቱም ቀይ ሆኑ። እኔን ያስገረመኝ ሦስት አብራሪዎች ፊት ለፊት እያዩ፣ ፍጥነቱም እየወረደ ሳለ፣ አውሮፕላኑ ከ100 ጫማ በታች እስኪደርስ ድረስ እንደገና ከፍ ብሎ ለመዞር አለመወሰናቸው ነው። ጅራቱ ከማኮብኮቢያው ፊት ካለው የባሕር ግንብ ጋር ተላተመ፤ ከ307 ሰዎች ሦስቱ ሞቱ። እነሱ እንዳደረጉት ሞተሩን አውቶማቲኩ ይቆጣጠርልኛል ብሎ ማመን (እኔም መኪናዬ ውስጥ የማደርገው ነው) የብቃት ማነስ ብቻ አይመስለኝም፤ ሁልጊዜ በማሽን የሚያርፍ አብራሪ በእጁ የሚለማመድበትን ዕድል ከየት ያገኛል?