ቁጢጥ ማለትን ማን አስተማረኝ?

እስከዚህች ሰዓት ያደረሰኝ የድንግል ማርያም ልጅ ስሙ የተመሰገነ ይሁን። ይህን ምስክርነት ለመጻፍ ስንት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ያችን ሌሊት ሳስታውስ እስካሁን እጄ ይንቀጠቀጣል። ዛሬ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ያደግኩት ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ ነው። ደሴን የሚያውቅ ዳገቷን ያውቃል። ትምህርት ቤቱ ዳገት፣ ገበያው ዳገት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት። እኔ ደግሞ ትንሽ ከሄድኩ ትንፋሼ ይቆረጣል። ከንፈሬና ጥፍሬ ወይን ጠጅ ይመስላል። ያን ጊዜ ባለሁበት ቁጢጥ እላለሁ። ጉልበቴን ደረቴ ላይ አጥፌ፣ እግሬን በእጄ አቅፌ እቆያለሁ። ከዚያ ቀስ እያለ ይለቀኛል። እንዲህ አድርጊ ያለኝ ሰው የለም። ልጆቹ ግን ስም አወጡልኝ፤ "ቁጢጦ" አሉኝ።

ጎረቤት ቡዳ ነው አለ። አንድ ክሊኒክ ሳንባ ምች ነው እያለ በየክረምቱ መርፌ ወጋኝ። እማዬ ጸበል ለጸበል ተንከራተተች። ታላቅ ወንድሜ በጀርባው አዝሎ ትምህርት ቤት ያደርሰኝ ነበር፤ እሱ ራሱ እያረፈደ፣ እየተገረፈ። ወንድምዓለም፣ ይህን ካነበብክ፣ የዚያን ጀርባ ውለታ በምን እንደምከፍል አላውቅም።

በመጨረሻ ወደ ሐኪም እንድንሄድ የገፋፉን የንስሐ አባታችን ናቸው። "ልጄ፣ ሲራክ ሐኪምን አክብር ይላል። እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው" አሏት እማዬን። ደሴ ላይ አንድ ሐኪም ደረቴን ረጅም ሰዓት አዳምጦ አዲስ አበባ ጻፈልን።

ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለው የልብ ማዕከል የተከፈተው ያን ዓመት ነበር፣ 2001 ዓ.ም.። ይህ ቦታ እንዲቆም ዓመታት የለፉትን ዶክተር በላይ አበጋዝን እግዚአብሔር ዋጋቸውን ይክፈላቸው። ልቤን በኢኮ፣ በድምፅ ሞገድ ልብን በሚያሳየው መሣሪያ፣ አዩት። ቴትራሎጂ ኦፍ ፋሎት ይባላል አሉን። ከእናቴ ማኅፀን ጀምሮ ልቤ ላይ አራት ችግር ነበር። በታችኞቹ ሁለት ክፍሎች መካከል ቀዳዳ አለ። ደም ወደ ሳንባ የሚሄድበት መንገድ ጠቧል። ዋናው የደም ቧንቧ ከቀዳዳው በላይ ተቀምጧል። የቀኙ ክፍል ጡንቻ ደግሞ ከመታገል ብዛት ወፍሯል። ስለዚህ ሳንባ ያልደረሰ ደም በቀዳዳው ሾልኮ ወደ ሰውነቴ ይሄዳል። የከንፈሬ መጥቆር ከዚህ ነው።

እማዬ ቁጢጥ ማለቴን ስትነግራቸው ሐኪሟ ቀና ብላ አየችኝ።

"ማን አስተማራት?"

"ማንም። ከሕፃንነቷ እንዲሁ ናት።"

ቁጢጥ ስል የእግሬ ደም ሥሮች ስለሚጨመቁ ደሙ በቀዳዳው መሹለኩን ቀንሶ ወደ ሳንባ እንደሚሄድ አስረዳችን። "ልጅሽ ራሷን ስታክም ነው የኖረችው" አለቻት። ድንገት ከጠቆረች ጉልበቷን አጥፈሽ ደረቷ ላይ አስጠጊላት፣ ውሃም አይጉደልባት ብላ አሳየቻት።

ቀዶ ሕክምናው በነጻ ነበር። ግን ወረፋ ነበረው፤ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ስንት ሕፃን ይጠብቅ ነበር። ተመዝግበን ተመለስን። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ጠበቅን።

በዚያ መሃል የሆነ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። የጥምቀት ለት ነው። እኩዮቼ ነጭ ለብሰው ታቦቱን እየዘመሩ ያጅባሉ። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጋቢ ይዤላቸዋለሁ። በልቤ ለእግዚአብሔር እንዲህ አልኩት፦ "ሌላውን ሁሉ ጨርሰህ ሠራህ። እኔ ጋ ስትደርስ ደከመህ? ለምን ጎደሎ አድርገህ ላክኸኝ?" ከዚያ ወዲያ ለወራት አልጸለይኩም። እማዬ ስትሰግድ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞር ነበር። ይቅር በለኝ ጌታዬ።

ከዚያ ስልኩ ተደወለ። 2003 ዓ.ም.፣ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። በጎ ፈቃደኛ ሐኪሞች ከውጭ መጥተዋል፣ ነገ ድረሱ ተባልን። ስልኩ የጎረቤታችን ነበር። እማማ የምላት ሙስሊም እናት ናት። በባዶ እግሯ እየሮጠች መጣች። በእጇ የነበረውን ብር ሁሉ መቀነቷን ፈትታ እማዬ መዳፍ ላይ አደረገችው። "አብሽሪ፣ እኔ ዱዓ ላይ ነኝ" አለቻት።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ በአባዱላ ወጣን። ኮምቦልቻን፣ ከሚሴን አለፍን። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሙቀቱ ከባድ ነበር፤ ውሃችንም አለቀ። ከደብረ ሲና በኋላ መኪናው ጣርማበርን መውጣት ጀመረ። ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ይሳሳል፣ ብርዱ ያንቀጠቅጣል። አንድ ሕፃን አለቀሰ። እኔም ሳላውቀው ማልቀስ ጀመርኩ። ከዚያ አየር አጣሁ።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። አፌን እከፍታለሁ፣ የሚገባ የለም። የመኪናው መብራት ሲበራ ሴቶቹ ሲጮኹ ሰማሁ። "ጠቆረች! ልጅቷ ጠቆረች!" ሾፌሩ ዳር ያዘ። ጭጋጉ መንገዱን ውጦታል። አንድ ሰው "አበቃላት" አለ። ሰማሁት። እማዬም ሰማችው።

አልጮኸችም። ወንበሩ ላይ አስተኝታ ሁለት ጉልበቴን ያዘችና ደረቴ ላይ አጣበቀችው። ክብደቷን ጣለችብኝ። "እመቤቴ፣ የግሸኗ፣ በእግሯ ካቆምሽልኝ ዣንጥላ ይዤልሽ እወጣለሁ" ትላለች ጆሮዬ ላይ። ከኋላ የነበሩ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አለበሱኝ። "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" ይላሉ። አንዲት ልጅ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ ትላለች። እኔ የማስበው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ እማዬ ከዳዊቱ ስትደግመው የሰማሁት፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬም ጆሮዬን ያልደፈንኩበት። ልቤና ሥጋዬ አለቀ። ቀጥሎ ያለውን ለማስታወስ ታገልኩ። ልቤና ሥጋዬ አለቀ። ልቤና ሥጋዬ አለቀ። እግዚአብሔር ግን...

እግዚአብሔር ግን የልቤ አምላክ ነው። መጣልኝ። የልቤ! ጎደሎ ነው ያልኩት የዚህ ልብ አምላክ!

ከንፈሬ ቀስ እያለ መለስ ሲል ሽማግሌው "አልሐምዱሊላህ" ብለው አለቀሱ። ሾፌሩ የጣሊያኑን ዋሻ አልፎ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል በር ላይ አቆመን። ኦክስጅን አደረጉልኝ። መንገደኛው ሁሉ እዚያ ብርድ ላይ ጠበቀን፤ አንድም ሰው አላጉረመረመም። ያ ሾፌር የት እንዳለ አላውቅም። ልጆቹን እግዚአብሔር ይባርክለት።

ቀዶ ሕክምናው ሰዓታት ወሰደ። ልቤን አቁመው፣ ሥራውን ለማሽን ሰጥተው፣ ቀዳዳውን ደፍነው፣ የጠበበውን መንገድ አሰፉት። ስነቃ እማዬ ጥፍሬን ይዛ ታለቅሳለች። ሮዝ ሆኗል።

ከሦስት ዓመት በኋላ ግሸንን በእግሬ ወጣሁ። ዣንጥላውን የያዝኩት እኔ ነኝ። እማማ ለስለቱ ጧፍ መግዣ ጨምራ ነበር፣ እሱንም አደረስኩላት።

ሙሉ በሙሉ ከሐኪም ተለያየሁ አልልም። በየጊዜው ለኢኮ እመላለሳለሁ። ጥርስ ከመነቀሌ በፊት እንኳ ሐኪሜን እጠይቃለሁ። ግን ደሴ መምህራን ኮሌጅ ገብቼ ተመረቅኩ። ዛሬ ሐይቅ አቅራቢያ አንደኛ ደረጃ አስተምራለሁ።

ባለፈው ኅዳር፣ እረፍት ሰዓት ላይ ሜዳው ዳር ቆሜ ነበር። አንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ኳስ ተከትሎ ጥቂት ሮጠ። ቆመ። ከዚያ ቁጢጥ አለ። ጉልበቱን ደረቱ ላይ አጥፎ፣ እግሩን በእጁ አቅፎ።

እግሬ ከዳኝ። ሄጄ አጠገቡ ቁጢጥ አልኩ። ጥፍሩን አየሁት።

"ማን አስተማረህ?" አልኩት።

ትከሻውን ነቀነቀ።

በማግስቱ ከእናቱ ጋር ደሴ ወስጄ አስመረመርኩት። አሁን እሱም አዲስ አበባ ተመዝግቦ ወረፋ ይጠብቃል። እናቱን ጉልበቱን እንዴት እንደምታጥፍለት አሳይቻታለሁ። በጸሎታችሁ አስቡት። በዱዓችሁም አስቡት።