ባንኮክ በጀርባ ቦርሳ፦ እስካሁን የለመድኩት

እኛ ጋ ባንኮክ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ሕክምና ነው። ቀጥሎ ንግድ። ቦርሳውን አዝሎ ከተማዋን ብቻ ሊያይ የሚሄድ ሰው ብዙም አይገጥመኝም። ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ እስካሁን የለመድኩትን ላካፍላችሁ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ይበራል። ሱቫርናቡሚ አየር ማረፊያ ስትደርሱ ለፓስፖርት ከመሰለፋችሁ በፊት የጤና መቆጣጠሪያውን ፈልጉ። ከኢትዮጵያ የሚመጣ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ስለዚህ ካርዱ ከፓስፖርቱ ጋር እጃችሁ ላይ ይሁን። ከዚያ ታክሲ አያስፈልግም። ከአየር ማረፊያው ሥር የሚነሳ ባቡር ፓያ ታይ ድረስ ይወስዳችኋል። እዚያ ስካይትሬኑን፣ ማለትም ከመንገዱ በላይ የሚሄደውን የከተማ ባቡር ትይዛላችሁ።

ቦርሳው ትንሽ ይሁን። ይህን አጥብቄ እላለሁ። ሙቀቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጀምሮ ይከብዳል፤ ደረጃው ደግሞ ብዙ ነው። ልብስ አጣቢ በየሰፈሩ አለ፣ በኪሎ መዝነው ይቀበላሉ፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ለጥቂት ቀን የሚሆን ቅያሪ ይበቃል።

አሁን ወደምወደው ነገር ልግባ። የባንኮክ መኪና መንገድ ሥራ መውጫ ሰዓት ላይ እንደ መገናኛ ነው፤ ዝም ብሎ ይቆማል። ከተማዋን በእውነት የለመድኳት መኪናውን ትቼ ውሃውን ስይዝ ነው። ትልቁ ወንዝ ቻኦ ፕራያ ላይ ብርቱካናማ ባንዲራ ያለው ጀልባ ርቀት ሳይለይ በ16 ባት (የታይላንድ ገንዘብ) ይጭናል። ቱሪስቱ የሚያውቀው ይሄን ነው። የከተማው ሰው ሥራ የሚሄድበት ግን ሴን ሴፕ የሚባለው ቦይ ነው። በ1837 እ.ኤ.አ. መቆፈር የተጀመረ ነው፤ ዛሬም ከተማዋን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሰንጥቆ ያልፋል።

መነሻው ወርቃማው ተራራ ከሚባለው ቤተ መቅደስ አጠገብ ነው። ረጅሙ ጀልባ እየጮኸ ይመጣል፣ ከእንጨቱ መሳፈሪያ ይጠጋል፣ በደንብ ሳይቆም ሰው ይዘላል። ገመድ አለ፤ እሱን ይዛችሁ በአንድ እግር ግቡ። ቦርሳችሁን ቀድማችሁ ወደ ደረት አዙሩት፣ ከኋላ ከሆነ ሰው ይመታል። ወያላዎቹ ሄልሜት ያደርጋሉ። በጀልባው ጠርዝ ላይ በውጭ በኩል እየተራመዱ፣ ከወራጁ ውሃ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ሆነው፣ እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደው ሒሳብ ይሰበስባሉ። ከፊት ሌላ ጀልባ ሲመጣ ዳር የተቀመጠው ሰው ገመድ ይስባል፣ የጎኑ ላስቲክ ወደ ላይ ይነሳል፣ ውሃው እሱ ላይ ይረጫል። ውሃው ንጹሕ አይደለም፤ ስለዚህ ዳር ከተቀመጣችሁ ገመዱ የእናንተ ኃላፊነት ነው። ድልድዩ ዝቅ ያለ ሲሆን ጣሪያው ራሱ ዝቅ ይላል። መጀመሪያ ላይ መሐል ገብቼ እቀመጥ ነበር። አሁን ዳር ተቀምጬ ላስቲኩን በሰዓቱ እስባለሁ፤ አጠገቤ ያሉት እናቶች ፈገግ ይሉልኛል፣ በጣም ደስ ይለኛል። ፕራቱናም ላይ ጀልባ መቀየር እንዳለ አትርሱ። ማታ ደግሞ ቀደም ብሎ ይቆማል።

ለእኛ የሚቀል ነገርም አለ። ታይላንዶች ሲያወሩ ፈረንጅ ምሽት ሰባት የሚለውን እነሱም ማታ አንድ ይሉታል። ስምንቱ ሁለት ነው። እስከ ማታ አምስት ሰዓት ድረስ ልክ እንደኛ ይቆጥራሉ። የባቡር ሰሌዳ ላይ ግን በ24 ሰዓት ነው የሚጻፈው። ዓመቱም የራሳቸው ነው፤ እኛ ከፈረንጅ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ነን፣ እነሱ 543 ዓመት ወደፊት ናቸው። ደረሰኝ ላይ 2568 ስታዩ የፈረንጁ 2025 ማለት ነው። የምግብ ማብቂያ ቀን ላይም ይመጣባችኋል።

ጾመኞች በጣም የሚጠይቁኝ ስለ ምግብ ነው። አትስጉ። ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ የተጻፈ፣ ለእኛ ዓይን 17 ቁጥርን የሚመስል ምልክት ፈልጉ። ጄ ይባላል። ሥጋ የለ፣ ዓሣ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ወተት የለ፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። የቻይናዎቹ ሰፈር ያዋራት ውስጥ እንዲህ ያሉ ቤቶች ታገኛላችሁ። ምልክቱ ከሌለ ግን አትክልት ብቻ የሚመስለውም ምግብ የዓሣ ሶስ ሊኖረው ይችላል። የፓፓያ ሰላጣው ላይ ደረቅ ሽሪምፕም ይጨመራል። ማንጎ በሩዝና በኮኮናት ወተት ግን ያለ ሐሳብ ብሉ፤ በተለይ ማንጎው በወቅቱ ሲሆን።

ታላቁ ቤተ መንግሥት 500 ባት ያስከፍላል፤ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው። ነጠላ ያለው ይያዝ፣ ለትከሻ ይሆናል። በሩ አካባቢ «ዛሬ ዝግ ነው፣ በባጃጅ ሌላ ቦታ ላሳይህ» የሚል ጨዋ የሚመስል ሰው ቢመጣ አመስግናችሁ እስከ በሩ ሂዱ። የሚወስዳችሁ ጌጣጌጥ መደብር ነው። ዋት ፖ የሚባለው ቤተ መቅደስ አጠገቡ ነው፤ የተጋደመው ቡድሃ 46 ሜትር ይረዝማል። እግሩ መርገጫ ላይ በዛጎል የተሠራውን ጥልፍ ሳትቸኩሉ እዩት። ሰው ሁሉ ፊቱ ጋ ፎቶ ተነስቶ ነው የሚያልፈው።

አመሻሹን ሉምፒኒ መናፈሻ ላይ አሳልፉ። ማታ 12 ሰዓት ሲሆን ብሔራዊ መዝሙር ይከፈታል። ሯጩ፣ ሕፃኑ፣ ዕቃ ሻጩ ባለበት ቀጥ ይላል። እናንተም ቁሙ። ሲያልቅ ሁሉም ሩጫውን ካቆመበት ይቀጥላል። ሐይቁ ዳር የምታዩት ትልቅ እንሽላሊት ሰው አይነካም፣ መንገዱን ልቀቁለት።

ቀጣዩ ሐሳቤ በሦስተኛ ማዕረግ ባቡር አዩታያ ወደምትባለው የድሮ ከተማ መሄድ ነው፤ መስኮቱ ክፍት፣ ማራገቢያው ጣሪያ ላይ፣ ዋጋው ከአንድ ሻይ ብዙም የማይበልጥ። ከዚያ ሰሜኑን፣ ቺያንግ ማይን እይዛለሁ። እዚያ በዓቢይ ጾም የቆያችሁ ካላችሁ ርካሽ የጄ ቤት የትኛው ሰፈር እንደሚበዛ ንገሩኝ፤ ማረፊያዬን እሱ አጠገብ ነው የምይዘው።