ከጠረጴዛው ስር

እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ልጻፈው። እዚህ ሜሪላንድ ያለው የሞዴል ባቡር ክለባችን ቤዝመንት ውስጥ ነው፣ ሐዲዱ ግድግዳውን ይዞ ይዞራል፣ ስኬሉ ኤችኦ ነው፣ ማለትም 1 ለ 87፣ በሁለቱ ሐዲዶች መሃል ያለው ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ብቻ። እንግዳ ሲመጣ ድልድዩንና ተራራውን ያያል፣ የኔ ልብ ግን ሁሌ ከጠረጴዛው ስር ነው፣ ሽቦው ጋ።

ከገና ጀምሮ ከዋሻው መውጫ ያለችው ኩርባ ላይ ባቡሩ ሲደርስ መብራቱ ይደክምና ቀጥ ይላል። መጀመሪያ ቆሻሻ ነው ብለን ሐዲዱን በአልኮል ወለወልን፣ ቀጥሎ ሎኮሞቲቩን ጠረጠርን፣ ጎማዎቹን በጌጅ ለካን፣ ምንም የለም። በብርጭቆ ወረቀት እንፈግፍገው ያለም ነበር፣ እሱን በፍጹም አልቀበልም፣ ጭረቱ ውስጥ ቆሻሻ ይገባና ይብስበታል። በመጨረሻ ከክለቡ ነባሮች አንዱ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ከኪሳቸው 25 ሳንቲም አውጥተው ሁለቱ ሐዲዶች ላይ አጋደሙት። እንደዛ ሲደረግ ሾርት ይሆንና ቡስተሩ፣ ለሐዲዱ ከረንት የሚሰጠው ሳጥን፣ ወዲያው መቁረጥ አለበት። ሌላው ቦታ ሁሉ ጠቅ እያለ ቆረጠ፣ እዛች ኩርባ ላይ ግን ዝም። ደነገጥኩ፣ ምክንያቱም ሽቦው ከረንቱን በደንብ አያሳልፍም ማለት ነው፣ እንዲህ ከሆነ ደሞ አንድ ቀን የእውነት ሾርት ሲፈጠር ቡስተሩ ሳይቆርጥ ሽቦው እየጋለ ይቀጥላል፣ እሳት ሊያስነሳ ሁሉ ይችላል።

የግንባር መብራት አስሬ በጀርባዬ ተንሸራትቼ ገባሁ። ከዋናው ወፍራም ሽቦ ወደ ሐዲዱ የምትወጣው ቀጭኗ ሽቦ አልተበየደችም፣ ተጠምዝዛ በናስትሮ ተጠቅልላለች፣ በቃ። ናስትሮውን ስልጠው ሙጫው ጣቴ ላይ ተዝለገለገ፣ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። ቆርጬ ጣልኳትና በአዲስ ተካሁ፣ የሐዲዱ ፕላስቲክ እንዳይቀልጥ ግራና ቀኙ ላይ እርጥብ ጥጥ አስቀምጬ። ሶልደሩ፣ መበየጃው ብረት ማለቴ ነው፣ መጀመሪያ ኳስ ሆኖ ይቆማል፣ ሐዲዱ በደንብ ሲሞቅ ድንገት እንደ ውሃ ይፈስና ያበራል፣ እዛች ሰከንድ ላይ ነው ካውያውን ማንሳት። ያን ማየት እንዴት ደስ እንደሚለኝ! ከዛ በየሜትሩ አንድ አንድ ቀጭን ሽቦ ጨመርኩ፣ የሐዲዱ መገጣጠሚያ ብቻዋን ከረንት ታሳልፋለች ብሎ ማመን አያዋጣም። ሳንቲሙን መልሰን ስናጋድመው ጠቅ። ክለቡ ደሞ ሌላ ሎኮሞቲቭ ከመግዛቱ በፊት ገንዘቡን እዚህ ሽቦ ላይ ቢያውለው ነው የምለው፣ በሚቀጥለው ስብሰባም እናገራለሁ።

በነጋታው ለአባዬ ደወልኩ። አባዬ ድሬዳዋ የድሮው ምድር ባቡር ላይ፣ ሐዲድ ጥገና ነበር የሚሰራው፣ ያ እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1917 አዲስ አበባ የገባው፣ አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስመር። ስለ ሶልደሩ ሳወራለት ዝም ብሎ ሰማኝና "መገጣጠሚያው ላይ ክፍተት ትታችኋል ወይ?" አለኝ። "አባዬ፣ ሐዲዱ እኮ ቤት ውስጥ ነው፣ ፀሐይ አያገኘውም" አልኩት። "ከስሩ ምንድነው ያለው?" እንጨት። "በል እንጨትም ይኮማተራል፣ ሂድና እይ።" በረሃው ላይ በሙቀት ሐዲድ እንደ እባብ ሲጣመም ያየ ሰው ነው።

ዛሬ ማታ ቁልፉን ይዤ ብቻዬን ሄድኩ። ክረምቱን ሙሉ ሂተር ሲነድ እንጨቱ ደርቆ ተኮማትሯል፣ ኩርባዋ ላይ ድሮ የተተዉት ክፍተቶች ተዘግተዋል፣ ወረቀት እንኳ አያስገቡም። አንዱ ጋ ጣቴን ሳስኬደው ሐዲዱ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ በአይን አይታይም። ማክሰኞ ክፍተቶቹን መልሼ ልከፍት ቀጭኗን መጋዝ ይዤ እሄዳለሁ። ለአባዬ ፎቶውን ላኩለት፣ "ሌሎቹንም እይ" ብሎ መለሰልኝ።