ፓኔሉ ላይ የሰው ስም ጻፍኩ

ሃያ አራት ሞጁል ሠርቼ ሸጥኩ። አሥራ አንዱ ተመልሶ መጣ። አንዱም ላይ የራሴ ስም አልነበረም፤ የሌላ ሰው ስም ነበር። ጣጣው ሁሉ ከዚያ ነው የመጣው።

ለማያውቀው ባጭሩ። ሞጁላር ሲንተሳይዘር ማለት ድምፅ የሚያወጣው፣ ድምፁን የሚያጣራው፣ ምቱን የሚቆጥረው ክፍል (ሞጁል የሚባለው) ሁሉ ለየብቻው የተሠራበት የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ክፍሎቹን በኬብል የሚያገናኘው ተጫዋቹ ራሱ ነው። አሁን ብዙው ሰው የሚጠቀምበትን ዩሮራክ የሚባለውን ልክ በ1990ዎቹ አጋማሽ ያወጣው ሙኒክ አጠገብ ያለው የዲተር ዶፕፈር ድርጅት ነው። የፓኔሉ፣ ማለትም የሞጁሉ የፊት ሳህን፣ ቁመት 128.5 ሚሊሜትር፣ ኃይሉ ፕላስና ማይነስ 12 ቮልት። ልኩን ማንም ስለሚያውቀው፣ ብዙ ሰው የኩሽና ጠረጴዛው ላይ ብቻውን ቁጭ ብሎ ሞጁል ይሠራል። እኔም ፍራንክፈርት ውስጥ፣ ከሥራ መልስ፣ ከእነሱ አንዱ መሆን አማረኝ።

የፈለግኩት ኳንታይዘር ነበር። የሚዋዥቅ ቮልት ይገባለታል፤ እሱ ወደ ቅርቡ ኖታ ይጎትተዋል። ኖታውን የሚወስነው ቮልቱ ነው። አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ከሲ እስከ ቀጣዩ ሲ፣ አንድ ቮልት ነው፤ ስለዚህ የእሱ አንድ አሥራ ሁለተኛ የሆነው ግማሽ ድምፅ 83.3 ሚሊቮልት ይሆናል። እኔ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን በአንድ ቁልፍ እየመረጥኩ መጫወት ፈለግኩ። የክራርና የማሲንቆ ተጫዋች የሚቃኘው በጆሮው እንደሆነ፣ ለ12 እኩል የተከፈለ ኦክታቭም ለቅኝቶቻችን ጠባብ ልብስ እንደሆነ አውቃለሁ። እሱን ሌላ ቀን እንጨቃጨቅበታለን።

ዲዛይኑን ከባዶ አልጀመርኩም። አንድ ጡረታ የወጡ ጀርመናዊ ሽማግሌ በጣም ጥሩ ኳንታይዘር ሠርተው እየሸጡ፣ ሥዕሉንም ኮዱንም በነፃ ለቀውት ነበር። ውሰዱ፣ ቀይሩ፣ ሽጡ፤ ስሜን ጥቀሱ፣ የቀየራችሁትንም እንዲሁ ልቀቁ ይላል ፈቃዱ። ወሰድኩ። አልጠየቅኳቸውም፤ መጠየቅ አያስፈልግም ይላላ!

መሥራቱ ቀላል ነበር። ቦርዱን ቻይና አሳተምኩ። ቅዳሜና እሁድ በካውያና በስታኞ ጭስ አለፉ። ጀርመን ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሠርቶ ለሚሸጥ የግድ የሆነውን ምዝገባ፣ ቅጹን እየረገምኩ ጨረስኩ። የኃይል ኬብሉ ቀይ መስመር ማይነስ 12 ነው፤ ገልብጦ የሚሰካ አይጠፋምና መከላከያ ዳዮድ አስገባሁ። ይህን ሁሉ ማንም ያስተምራችኋል።

ማንም ያላስተማረኝ የሚከተለውን ነው።

ሽማግሌው ከሠሩት ላይ ሁለት ነገር ቀየርኩ። ቺፑ የሚሰጠው ቮልት በእጥፍ እንዲያድግ ልኩን የሚወስኑ ሁለት ሬዚስተሮች (ኤሌክትሪክ የሚገቱ ጥቃቅን ዕቃዎች) አሉ። እሳቸው 0.1 በመቶ ስህተት ያላቸውን ውዶቹን ነበር የተጠቀሙት፤ እኔ ባለ 1 በመቶዎቹን አደረግኩ። የቮልቱን ማስተካከያ ትንሽ ብሎን ደግሞ ፓኔሉ እንዲጠብልኝ ብዬ አወጣኋት። በአንድ ሞጁል 3 ዩሮ ገደማ ቆጠብኩ። ስሙን ግን አልቀየርኩም። የእሳቸውን ስም በትልቁ ፓኔሉ ላይ አሳተምኩ፣ ከሥሩ በትንሹ «የሐበሻ ቅኝት» ብዬ ጨመርኩ። ባለሙያን ማክበሬ ነበር። ስማቸው እንደሚያሻሽጥልኝ አላሰብኩም ብል ግን ውሸት ነው።

የመጀመሪያው ቅሬታ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። «አንቺሆዬው ከቃና ውጭ ነው» ይላል ገዢው። ሳቅኩ። ቁጭ ብዬ ረጅም መልስ ጻፍኩ፦ አንቺሆዬ ከሲ ቢጀመር ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው፤ ጆሮህ ስላልለመደው ነው እንጂ ሞጁሉ ጤነኛ ነው። ስጽፈው እንዴት እንደኮራሁ! ሁለተኛው ቅሬታ ሲመጣ ያንኑ ገልብጬ ላክሁ። ሦስተኛው ሰው ያማረረው ስለ ትዝታ ነበር፤ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ፣ ማንም ፈረንጅ በልጅነቱ የሰማው ነገር። ለእሱም ያንኑ ላክሁ። አሁን ሳስታውሰው ፊቴ ይግላል። ከዚያ በኋላ ሰዎቹ መጻፍ አቆሙ፤ እኔም አሳመንኳቸው ብዬ ተኛሁ።

ለካ የሚጽፉት ስሙ ፓኔሉ ላይ ላለው ሰው ነው።

የሽማግሌው ደብዳቤ አጭር ነበር። አሥራ አራት ሰዎች እንደጻፉላቸው፣ አንዳቸውም የእሳቸው ደንበኛ እንዳልሆኑ፣ ስህተቱን ሁለት ሳምንት ሙሉ ከራሳቸው ኮድ ውስጥ ሲፈልጉ እንደከረሙ ነገሩኝ። ስድብ የለበትም። መጨረሻው እንዲህ ይል ነበር፦ «እባክዎ አራተኛው ኦክታቭ ላይ ቮልቱን ይለኩልኝ።»

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ነበር። ቤቴ የቀረውን አንዱን ሞጁል ኃይል ሰጥቼ ቴስተሩን ወጪው ላይ ያዝኩ። 4.000 ማለት ነበረበት። 3.961 አለ። ቴስተሩን አጥፍቼ አበራሁት። 3.961። አንደኛው ኦክታቭ ላይ ስህተቱ 10 ሚሊቮልት ብቻ ስለሆነ ጆሮ ያልፈዋል፤ እኔ ቤቴ ስሞክር የነበረው ደግሞ እዚያችው ላይ ነው። አራተኛው ላይ ሲደርስ ወደ 40 ያድጋል። የግማሽ ድምፅ ግማሽ ማለት ነው። ያን የሚያህል ስህተት ሸጬ፣ በዚያ ላይ በባህላችን አሳበብኩበት።

ሁሉንም ገዢዎች ይቅርታ ጠይቄ ሞጁሉን እንዲመልሱልኝ ነገርኳቸው። የመጡትን አሥራ አንዱን በራሴ ወጪ ሬዚስተር ቀይሬ፣ አዲስ ፓኔል አድርጌ መለስኩ። የቀሩት አንዳንዶቹ ራሳቸው አስተካከሉት፤ አንዳንዶቹ መልስም አልሰጡኝ። ትርፉ ሁሉ ፖስታ ቤት ገባ።

የፈቃዱን ጽሑፍ ሙሉውን ያነበብኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስም ስትጠቅሱ ባለቤቱ ሥራችሁን የደገፈው እንዳይመስል ይላል። ሚውተብል ኢንስትሩመንትስ የሚባለውን ሞጁል ሠሪ ድርጅት የመሠረተችው ፈረንሳዊቷ ኤሚሊ ዢሌም ዲዛይኖቿን ስትለቅ የድርጅቷን ስም ከሥራዋ በወጣ ነገር ላይ እንዳትጽፉ ብላ ጠይቃ ነበር። ያኔ ትዕቢት መስሎኝ ነበር። አሁን ገባኝ፤ ስሙ ያለበት ሰው ነው ስልክ የሚደወልለት።

ስለዚህ የእኔ ምክር ከፈቃዱ ትንሽ ይለያል። ፈቃዱ አትጠይቁ ቢልም ጠይቁ፤ በተለይ ሰውየው አሁንም እየሠራ የሚሸጠው ከሆነ። የባለቤቱን ስም ከቦርዱ ጀርባና ከመመሪያው ላይ ጻፉ፣ ፊት ለፊት የራሳችሁን። የቀየራችሁትንም መልሱ። እናቴ ከጎረቤት ምግብ የመጣበትን ሳህን ባዶውን መልሳ አታውቅም፤ እኔ የቅኝቱን ኮድ እስከዚያች ሌሊት ድረስ ለማንም አልለቀቅኩም ነበር። ደንበኛ ከሆናችሁ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን የሚሠራውን ዕቃ በማግስቱ ካልደረሰ ብላችሁ አትጩሁበት። ግን ከቃና ወጥቷል ስትሉ ባለቤቱ የባህል ትምህርት ከጀመረላችሁ፣ ቁጥር ጠይቁት።

ኮዱን ከለቀቅኩ በኋላ ለሽማግሌው አንድ ሞጁል በስጦታ ላክሁላቸው። ከወር በኋላ ጻፉልኝ። አንቺሆዬ ላይ አራተኛው ኖታ ትክክል ነው ወይ ይላሉ። መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። ግን ተነስቼ ቴስተሩን አመጣሁና ጂ ፍላት ላይ ያዝኩት። 0.500 አለ።

ትክክል ነው፣ አንቺሆዬ እንዲያ ነው አልኳቸው።